የመተማ የእጣን ደን ለሰሊጥ ይመንጠር ወይስ ይቆይ?

መነሻ፦ በመተማ ወረዳ፣ ከሱዳን ወሰን አጠገብ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች፣ መሬት ያላገኙ ወጣቶች «የቀረው የእጣን ደን ተመንጥሮ ይከፋፈለን» ይላሉ። እናንተስ?

ላራሹ፦ ይመንጠር! ለአንድ ሄክታር ሰሊጥ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ዘር ይበቃል። ሰኔ መጨረሻ የተዘራው በመስከረምና በጥቅምት ታጭዶ ገንዘብ ይሆናል። እጣኑስ? ፈቃዱ የድርጅት፣ አድሚው፣ ማለትም ዛፉን እየላጠ ሙጫውን የሚያወጣው ሠራተኛ፣ ከሌላ አካባቢ የመጣ፤ ለቀበሌው የሚተርፈው ጭሱ ብቻ ነው።

ኮኪት፦ የትኛው መሬት? የእጣን ዛፍ የቆመው ሌላው ዛፍ እምቢ ባለው ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ነው። እዚያ ከታረሰ ስሱ አፈር በጥቂት ክረምት ታጥቦ ያልቃል፤ ማሽላ ቢዘሩበትም አቀንጭራ የተባለው ጥገኛ አረም ይወርሰዋል። ሰሊጥ ራሱ ደግሞ እንዳወራኸው ቀላል አይደለም። የታችኛው ፍሬ ሲደርስ ጫፉ ገና ያብባል፤ አጨዳው ከዘገየ ፍሬው ተከፍቶ ይረግፋል። ስለዚህ ሁሉም ሳሉግ፣ ማለትም የቀን ሠራተኛ፣ የሚፈልገው በአንድ ሰሞን ነው፣ የቀን ሒሳቡም ሰማይ ይነካል። ነዶው ተደጋግፎ ቆሞ፣ ሂላ ተደርጎ፣ ሲደርቅም የሰሊጥ ትኋን ዘይቱን ይመጠዋል፣ የቀረው ዘር ይመርራል።

ሚንጋፍ፦ ደኑን የሚገድለው ምንጣሮ ብቻ መሰላችሁ? አደማሙም ነው። ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር ያልሞላ ዛፍ መነካት የለበትም። በመጀመሪያው ዙር ቅርፊቱ በስሱ ይላጣል። ከ2 እስከ 3 ሳምንት በኋላ የደረቀው ሙጫ ተለቅሞ ያው ቁስል ትንሽ ይሰፋል። በበጋው ከ8 እስከ 12 ዙር ይኬዳል። ጥፋቱ እስከ እንጨቱ መዝለቅ ነው፦ ቁስሉ አይገጥምም፣ ጥንዚዛ ይገባል፣ ዛፉ በነፋስ ይወድቃል። በኪሎ የሚከፈለው አድሚ ለዚህ ምን ገዶት? ዓመት ከዓመት ሳያርፍ የሚደማ ዛፍ ደግሞ የሚበቅል ዘር ያጥረዋል።

ችግኝ፦ ዘሩ ቢበቅልም አያድግም እኮ። በበጋ ሰደድ እሳት ያቃጥለዋል፣ ከሥሩ ያቆጠቁጣል፣ ከብት ይግጠዋል፣ እንደገና ይቃጠላል። ደኑ ሽማግሌና ሕፃን ብቻ የቀሩበት ቤት ሆኗል። ሣሩ ሳይደርቅ፣ ጥቅምት ላይ፣ የእሳት መከላከያ መስመር ይጠረግ። ከብት ለዓመታት ይከልከል። ዛፉ ቅጠል አልባ በሆነበት ወቅት ወፍራም ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከልም ይቻላል፤ ከዘር ይልቅ ቶሎ ይቆማል።

ላራሹ፦ በነጻ ማን ይጥረግ?

ሚንጋፍ፦ ፈቃዱ ለቀበሌው ማኅበር ይሰጥ፣ ያውም ለረጅም ዓመታት። የአንድ ዓመት ፈቃድ የያዘ ሰው ዛፉን ለከርሞ አይተውለትም። እጣኑም እዚያው በየደረጃው ይለይ፤ ከ6 ሚሊ ሜትር የሚበልጠው ነጩ አንደኛ ደረጃ ነው። ከቅርፊትና ከዱቄቱ ጋር ተደባልቆ ከተሸጠ ዋጋው ይወድቃል።

ላራሹ፦ ማኅበሩ እስኪጠና ወጣቱ ምን ይብላ? ሜዳውን ጥቁር አፈር በሰፊው ተከራይተው ጦሙን ካሳደሩት ላይ ይቀነስለት፤ ያኔ ተዳፋቱን አልነካም።

ኮኪት፦ ይኼን ብለህ ብትጀምር ኖሮ አልከራከርህም ነበር።