ልብስ ሳጣጥፍ የሚከቡኝ ልጆች ምን ይማራሉ?

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ3 ዓመት ተኩል ሴትና የ6 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። የታጠበ ልብስ ሳጣጥፍ ሁለቱም ካላገዝን ይላሉ። ባለቤቴ «ይጫወቱ፣ አንቺም ቶሎ ጨርሺ» ይለኛል። እውነትም እነሱ ሲገቡበት ሥራው እጥፍ ይሆናል። ግን የሚማሩት ነገር አለ? ደግሞ ትንሿ ካልሲ በቀለም ስትለይ ቆይታ «አሁን ትልቁንና ትንሹን ለይ» ስላት መልሳ በቀለም ትደረድራለች። እልኸኛ ሆና ነው?

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፦
ኧረ እህቴ፣ እልኸኛ አይደለችም! ዕድሜዋ ነው። ተመራማሪዎች ይህንኑ በካርድ ይፈትሻሉ፤ መጀመሪያ በቀለም፣ ቀጥሎ በቅርጽ ያስለያሉ። ብዙ የ3 ዓመት ልጆች አዲሱን ደንብ በአፋቸው በትክክል ይናገራሉ፤ እጃቸው ግን በድሮው ይቀጥላል። 5 ዓመት ላይ አብዛኞቹ ይቀይራሉ። ስለዚህ አትቆጪያት። እኔ ክፍል ውስጥ ሁሉንም ደባልቄ እንደ አዲስ ነው የማስጀምረው።

ለትልቁ ልጅሽ ፎጣ ስጪው። አንዴ ሲያጥፈው ግማሽ፣ ሁለቴ ሲያጥፈው ሩብ፣ ሦስቴ ሲያጥፈው አንድ ስምንተኛ ይሆናል። ዘርግቶ በእጥፋቱ መስመር ይቁጠረው። ክፍልፋይ ትምህርት ቤት ሲደርስበት እንግዳ አይሆንበትም።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ጣሊያናዊቷ ሐኪምና የሕፃናት አስተማሪ ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ «የሕፃናት ቤት» የተባለውን የመጀመሪያ ትምህርት ቤቷን ስትከፍት፣ ልጆቹ መጥረግና አቧራ መወልወል የትምህርታቸው ክፍል ነበር።

የሦስት ወንዶች አባት፦
ይቅርታ መምህርት፣ ሁሉን ነገር ሒሳብ አናድርገው እንጂ! የእኔዎቹ የተማሩት ዕቃ ቦታ እንዳለው ነው። ትንሹ ስለማያነብ መሳቢያው ላይ የመቀስና የእርሳስ ሥዕል ለጠፍን። «መቀሴ የት አለ?» የሚለው ጩኸት ቀርቷል። ለእኔ ይሄ በቂዬ ነው።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፦
እሱም ትልቅ ነገር ነው፣ አልከራከርዎትም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ልጆቹ ያጣጠፉትን ልብስ ፊታቸው መልሳችሁ አታጣጥፉ። የተጣመመ ፎጣ ማንንም አይጎዳም።

የሁለት ልጆች እናት፦
አመሰግናለሁ። ለባለቤቴም ልኬለታለሁ፣ ያንብበው 😄 ጥንዳቸው የጠፋ ካልሲዎችስ? ልጣላቸው?

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፦
እንዳትጥያቸው! ለትልቁ ከሌሎቹ ጋር ቀላቅለሽ ስጪው። 7 ካልሲ 3 ጥንድ ሆኖ አንዱ ይተርፋል፣ 8 ሲሆን አይተርፍም። 9 ላይ ምን እንደሚሆን ከመቁጠሩ በፊት ይገምት።