አስቸኳይ፦ «ትሪለር» አልበሜ አራት ቦታ ተበታተነብኝ፣ ትክክለኛው ዓመት የቱ ነው?

ዜማ ሱስ፦
እባካችሁ ድረሱልኝ። ዛሬ ማታ የማይክል ጃክሰንን «ትሪለር» ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ላጫውት ለሰዎች ቃል ገብቻለሁ። አሁን ከፍቼ ሳየው አልበሙ አራት ቦታ ተቆራርጧል። አንዱ 1982 ይላል፣ አንዱ 2001፣ አንዱ 2008። አራተኛው ውስጥ ደግሞ አንድ ዘፈን ብቻ ለብቻው ቁጭ ብሏል። «አጫውት» ስለው የሚጀምረው በ«ቢሊ ጂን» ነው፣ ያውም በቤት ውስጥ በተቀዳው። ትናንት ደህና ነበር። የቱን ዓመት ልያዝ? እንዴትስ አንድ ላይ ላምጣው? ቶሎ በሉ!

ቀልጣፋው፦
አጥፍተህ አብራው።

ሸክላ ወዳድ፦
ስልክ ነው ኮምፒውተር? ፋይሎቹ ከየት የመጡ ናቸው? ይህን ሳትነግረን በምን እንርዳህ ወንድሜ?

ዜማ ሱስ፦
እህትህ ነኝ። ኮምፒውተር ነው። ከራሴ ሲዲዎች የገለበጥኳቸው ኤምፒ3 ናቸው። ትናንት ማታ ሌላ ሲዲ ጨምሬ ነበር፣ ከእሱ ጋር ይገናኛል እንዴ? አጥፍቼም አብርቻለሁ፣ ያው ነው።

መዝገቡ፦
ነገሩን ከሥሩ ካላየነው አይገባሽም። «ትሪለር» የወጣው በኖቬምበር 1982 ነው፣ በኤፒክ ሬከርድስ። ፕሮዲውሰሩ ኩዊንሲ ጆንስ ነው። አልበሙ ሳይወጣ በፊት፣ በኦክቶበር፣ «ዘ ገርል ኢዝ ማይን» ከፖል ማካርትኒ ጋር ቀድሞ ተለቀቀ። «ቢሊ ጂን» እና «ቢት ኢት» በነጠላ የወጡት በ1983 መጀመሪያ ላይ ነው። ከዘጠኙ ዘፈኖች ሰባቱ በነጠላ ወጥተው ሰባቱም በቢልቦርድ ሆት 100፣ በአሜሪካ የዘፈን ደረጃ ሰንጠረዥ፣ ከመጀመሪያዎቹ አሥሮች ውስጥ ገብተዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። አልበሙ አለቀ ተብሎ ሲደመጥ ድምፁ ስስ ሆኖ ተገኘ። በሸክላው በእያንዳንዱ ፊት ብዙ ደቂቃ ተጨናንቆ ነበር። ሸክላ ላይ ደቂቃ ሲበዛ መስመሩ ይጠባል፣ ድምፁም ይሳሳል። ስለዚህ ኩዊንሲ ጆንስና የድምፅ መሐንዲሱ ብሩስ ስዊዲን ዘፈኖቹን አሳጥረው እንደገና ሚክስ አደረጓቸው። ዛሬ የምትሰሚው ያን ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ደግሞ እነዚህ ናቸው። በ2001 ስፔሻል ኤዲሽን ወጣ። ዘጠኙ ዘፈኖች እንዳሉ ሆነው፣ የኩዊንሲ ጆንስና የዘፈን ደራሲው የሮድ ቴምፐርተን ቃለ መጠይቅ፣ «ካሩሰል» የሚባል ዘፈን፣ አንቺን ያስቸገረሽ የ«ቢሊ ጂን» የቤት ቅጂም ተጨመሩበት። በ2008 «ትሪለር 25» መጣ፣ ከዊል.አይ.አም፣ ከኤኮን፣ ከፈርጊና ከካንዬ ዌስት ጋር በተሠሩ ቅጂዎች። በ2022 ደግሞ «ትሪለር 40»። እሱ ላይ «ስታርላይት» የሚባል አለ፣ «ትሪለር» የሚለው ዘፈን ግጥሙ ሳይቀየር በፊት የነበረው ነው።

ጨዋታ አዋቂ፦
ሰው ቤቱ እየተቃጠለ አንተ የእሳትን ታሪክ ታስተምራለህ 😂

ሸክላ ወዳድ፦
ታሪኩ ግን ጥሩ ነበር፣ እውነት እንነጋገር።

በላይ ነኝ፦
1982 ትላላችሁ፣ «ትሪለር» እኮ የ1983 ነው። ያ የሙታን ጭፈራ ያለበት ቪዲዮ የወጣው በ1983 ነው።

መዝገቡ፦
ቪዲዮው አዎ። ጆን ላንዲስ ያዘጋጀው ነው፣ በዲሴምበር 1983 ነው የወጣው። አልበሙ ከዚያ በፊት ዓመት ሙሉ ሲሸጥ ነበር። አታምታታ።

ጨዋታ አዋቂ፦
በእኛ አቆጣጠር 1975 ነው። እሱንም አስገቢና አምስት ቦታ ይሁንልሽ።

ትክክል ይሁን፦
እኔ ጥያቄው ራሱ አይዋጥልኝም። 2001 ላይ የታተመ ሲዲ በእጅሽ ይዘሽ 1982 ብለሽ መጻፍ ማለት ሐሰት መጻፍ ነው። ያ ሲዲ በ1982 አልነበረም። ድምፁም እንደገና ተሠርቷል፣ ከመጀመሪያው ሸክላ ጋር አንድ አይደለም። እንዲያውም ፕሮግራሙ ለይቶ ማሳየቱ ልክ ነው። መለያየት አለባቸው!

ዜማ ሱስ፦
ወንድሜ፣ እኔ ሙዚየም አልከፈትኩም። ዘጠኝ ዘፈን በተራ እንዲጫወትልኝ ነው የምፈልገው።

ቀልጣፋው፦
ፕሮግራሙን አጥፍተሽ እንደገና ጫኚው። ካልሆነ ኮምፒውተሩን አጥፍተሽ አብሪው።

ዝምተኛው፦
ዓመቱ ላይ ስትከራከሩ ዋናውን አለፋችሁት። አራተኛው ቦታ ለብቻው የቀረው ዘፈን «ዘ ገርል ኢዝ ማይን» ነው፣ ተሳሳትኩ?

ዜማ ሱስ፦
ኧረ እሱ ነው! እንዴት አወቅህ?

ዝምተኛው፦
አርቲስት የሚለው ቦታ ላይ «ማይክል ጃክሰን እና ፖል ማካርትኒ» ተብሎ ስለተጻፈ ነው። ብዙ ማጫወቻዎች አልበም የሚሰበስቡት በአልበሙ ስምና «አልበም አርቲስት» በሚባለው ቦታ ነው። ያ ቦታ ባዶ ከሆነ የዘፈኑን አርቲስት ይወስዳሉ። ማካርትኒ ሲገባበት ሌላ ሰው የሠራው አልበም ይመስላቸዋል። ሌሎቹ የተለያዩት ደግሞ በዓመቱና በስሙ ነው፣ አንዱ «ትሪለር»፣ ሌላው «ትሪለር (ስፔሻል ኤዲሽን)» ይላል።

እንዲህ አድርጊ። ኤምፒ3ታግን ክፈቺ፣ የዘፈን ፋይል መረጃ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው፣ ለዊንዶውስ ነጻ ነው። መጀመሪያ ፎልደሩን ኮፒ አድርገሽ ሌላ ቦታ አስቀምጪ። ከአንዱ ሲዲ የመጡትን ዘጠኙን ብቻ ምረጪ። ከሁለት ሲዲ አትቀላቅዪ፣ የድምፁ ከፍታ ይለያያል፣ አንዱ ይጮሃል አንዱ ይወርዳል። በግራ በኩል ሳጥኖች ታያለሽ። የዘፈኖቹ መረጃ የሚለያይበት ሳጥን ላይ «ኪፕ» የሚል ጽሑፍ አለ፣ እንዳለ ይቆይ ማለቱ ነው። አልበም የሚለው ላይ «ትሪለር»፣ አልበም አርቲስት ላይ «ማይክል ጃክሰን»፣ ዓመት ላይ 1982 ጻፊና አስቀምጪ። ርዕስና የተራ ቁጥር ያሉባቸውን ሳጥኖች አደራ እንዳትነኪ! ዘጠኙም አንድ ርዕስ ይሆኑብሻል። አርቲስት የሚለውንም ተዪው፣ የማካርትኒ ስም እዚያው ይቆይ፣ ዘፍኗል ሰውዬው።

የተረፉትን፣ ቃለ መጠይቁንና የቤት ቅጂውን፣ «ትሪለር ተጨማሪ» ብለሽ ለብቻ አድርጊያቸው። የ2008ቱ «ትሪለር 25» ይባል። ከዚያ ማጫወቻው ላይብረሪውን እንደገና እንዲያነብ እዘዢው። ይህን ካላደረግሽ የድሮውን ነው የሚያሳይሽ።

ትክክል ይሁን፦
1982 ማለቱ አሁንም ስህተት ነው።

ዝምተኛው፦
ለአንተም መላ አለ። የዘፈኑ መረጃ ኤምፒ3 ፋይሉ ውስጥ የሚጻፍበት አሠራር አይዲ3 ይባላል። አዲሱ ዓይነት፣ 2.4 የሚባለው፣ የመጀመሪያው መውጫ ጊዜ የሚጻፍበት የራሱ ቦታ አለው። እዚያ 1982፣ ዓመት ላይ 2001 መጻፍ ትችላለህ። ችግሩ ብዙ ማጫወቻ አያነበውም። እሷ ለማታ ነው የቸኮለችው።

ትክክል ይሁን፦
እሺ፣ ይሄ ያስማማናል።

ዜማ ሱስ፦
ስምንቱ አንድ ላይ መጡ!! ተራቸውም ተስተካከለ። አንዱ አሁንም ለብቻው ነው፣ እና የሚገርመው የማካርትኒው አይደለም፣ «ሂውማን ኔቸር» ነው። ሰዎቹ መምጣት ጀምረዋል።

ቀልጣፋው፦
አጥፍተሽ አብሪው አልኩሽ እኮ።

ዝምተኛው፦
ሳትመርጪው ቀርተሽ ካልሆነ የዲስክ ቁጥሩን እዪ፣ 2 የሚል ካለ ቁጥሩን አጥፊው። የአልበሙ ስም መጨረሻ ላይም የማይታይ ክፍት ቦታ ሊኖር ይችላል። ከአንዱ ዘፈን ላይ ስሙን ኮፒ አድርገሽ እሱ ላይ ለጥፊው። ሰዓት ከሌለሽ ዘጠኙን በፕሌይሊስት ደርድሪና ልቀቂው። «ሂውማን ኔቸር» ሰባተኛ ነው፣ ከ«ቢሊ ጂን» ቀጥሎ።

ሸክላ ወዳድ፦
«ትሪለር» ከሚለው ዘፈን በኋላ ትንሽ ዕረፍት ስጪያቸው። ሸክላው የሚገለበጠው እዚያ ነው፣ ሁለተኛው ፊት በ«ቢት ኢት» ነው የሚጀምረው።

በላይ ነኝ፦
ዝምተኛው፣ እኔ ደግሞ የጃክሰን «ባድ» አልበም ላይ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኛል። «ጀስት ጉድ ፍሬንድስ» ብቻውን ነው። ከዚያ ደግሞ የኔ አሥራ አንድ ዘፈን አለው፣ የጓደኛዬ ሸክላ አሥር። ፎርጅድ ነው የሸጡልኝ?

ዝምተኛው፦
«ጀስት ጉድ ፍሬንድስ» ላይ ዘፋኙ ስቲቪ ወንደር ስላለ ነው፣ መላው ያው ነው። አሥራ አንደኛው «ሊቭ ሚ አሎን» ነው። በ1987 ሲዲው ላይ ነበር፣ ሸክላው ላይ አልነበረም። ፎርጅድ አይደለም።

ዝምተኛው፦
ዜማ ሱስ፣ ተሳካ?