ጉግል አድስ ላይ ለጀማሪ የቱ ቢዲንግ ይሻላል?

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖች። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ እኔና እህቴ ትንሽ ኬተሪንግ አለን፤ ሠርግ፣ ክርስትና ምናምን። ጉግል ላይ ማስታወቂያ ልንጀምር በቀን 15 ዶላር መድበናል። ቢዲንግ (የጨረታ ዋጋ አሰጣጡ) የሚለው ጋ ስደርስ ግን ግራ ገባኝ። ማክሲማይዝ ክሊክስ ነው ወይስ ታርጌት ሲፒኤ? ብዙ የከፈለ ነው ላይ የሚወጣው?

መልስ 1፦
ታርጌት ሲፒኤ፣ ማለትም ለአንድ ትዕዛዝ በአማካይ ይህን ያህል ልክፈል የምትሉበት፣ ለጊዜው ይቅርባችሁ። ሲስተሙ ማን እንዳዘዘ መረጃ ሳይኖረው በምን ይገምታል? ማክሲማይዝ ክሊክስን (በበጀትህ ብዙ ክሊክ የሚያመጣልህን) ምረጥና የአንድ ክሊክ የዋጋ ጣሪያ አስገባበት፣ ለምሳሌ 2 ዶላር። ያለ ጣሪያ ጥቂት ውድ ክሊኮች የቀኑን ብር ሙልጭ ሊያደርጉት ይችላሉ።

መልስ 2፦
ገንዘብ ብቻ አይደለም ወንድሜ። ጨረታው ሰው ጉግል ላይ አንድ ነገር በፈለገ ቁጥር ነው የሚካሄደው፤ የማስታወቂያው ጥራትና ሰውየው ተጭኖ የሚገባበት ገጽም ይታያል። 2 ዶላር ስላልክ ደግሞ ሁሌ 2 አትከፍልም፣ ከሥርህ ያለውን ለማለፍ የሚበቃውን ነው። አንዳንድ ቀን 30 ዶላር ቢቆርጥብህ አትደንግጥ፤ በወር ከቀን በጀትህ 30.4 እጥፍ አያልፍም።

መልስ 3፦
እኔ ብሆን ከቢዲንጉ በፊት ሰርች ተርምስ የሚለውን (ሰው ምን ብሎ ሲፈልግ ማስታወቂያው እንደወጣ የሚያሳየውን) ነበር የማየው። ኬተሪንግ ብላችሁ ስትገቡ ሥራ ፈላጊውም፣ የዶሮ ወጥ አሠራር የሚፈልገውም ይጫናል፣ ሂሳቡ ለእናንተ። "ጆብስ"ን፣ "ሬሲፒ"ን ኔጋቲቭ ኪወርድ (ማስታወቂያው እንዳይወጣባቸው የምትከለክሏቸው ቃላት) ውስጥ ክተቷቸው።

ጠያቂው፦
ተባረኩ! እኛ ጋ ሰው የሚያዝዘው ደውሎ ነው፤ ጥሪ እንደ ኮንቨርዥን (ማስታወቂያው እንዳመጣው ውጤት) ይቆጠራል?

መልስ 1፦
አዎ። ከ60 ሴኮንድ በላይ የቆየው ብቻ ይቆጠር ብለህ አስተካክለው፣ "ተሳስቼ ነው" የሚለውን ሁሉ እንዳይቆጥርብህ።