ማስተሪንጉን ራሴ ልሥራው ወይስ ለባለሙያ ልስጠው?

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ አማክሩኝ። አምስት ዘፈኖች ቤቴ ቀድቼ ጨርሻለሁ። ክራር፣ ከበሮ፣ ቤዝ ጊታርና የሴት ድምፅ። ሚክሱንም (የተቀዱትን ድምፆች ማዋሃዱን) ራሴ ሠራሁት፤ በሱ ብዙም ቅር አይለኝም። ያስቸገረኝ ማስተሪንጉ ነው፤ ማለትም ከሚክስ በኋላ የሚሠራው የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ።

በሄድፎን ስሰማው ልክ ነው። መኪና ውስጥ ሲከፈት ግን ቤዙ ያጉረመርማል፣ ክራሩ ጆሮ ይወጋል። ላይኛውን (ቀጭኑን) ድምፅ በኢኩዋላይዘር ስቀንሰው ዘፋኟ «ስ» ባለች ቁጥር የሚያፏጨው ይጠፋል፤ ክራሩም አብሮ ይሞታል። ሊሚተሩን (የድምፁን ጫፍ ገድቦ ጠቅላላውን ለማጉላት የሚረዳውን መሣሪያ) ጫን ሳደርገው ዘፈኑ ይጎላል፣ ከበሮው ግን ጉልበት ያጣል። ደግሞስ ስፖቲፋይ ራሱ ወደ -14 ሉፍስ (የድምፅ ጉላት መለኪያ ነው) የሚያወርደው ከሆነ ይህን ያህል ማስጮኹ ምን ይጠቅማል?

ጓደኞቼ «ጆሮህ ለምዶታል፣ ለሌላ ሰው ስጠው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ክፍሌም ባዶ ግድግዳ ስለሆነ ቤዙን በትክክል መስማቴን እጠራጠራለሁ። ግን ኪሴ አይፈቅድም።

አንዱን ዘፈን ብቻ ከፍዬ አሠርቼ፣ ሌሎቹን እሱን እየሰማሁ ብሠራቸው ያስኬዳል? ወይስ አንድ ላይ ካልተሠሩ ድምፃቸው ይለያያል? ለባለሙያ ስልከውስ ሊሚተሩን አውጥቼ፣ ከፍተኛውን ድምፅ -6 ዲቢ (ዴሲቤል) አካባቢ ልተወው?