ከትንሽ ልጅ ጋር ድንኳን ውስጥ ለማደር ምን እንያዝ?

ሰላም፣ ልምድ ያላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። የሁለት ዓመት ልጃችንን ይዘን ለመጀመሪያ ጊዜ ድንኳን ውስጥ ልናድር ነው። ምግቧና መድኃኒቷ ብዙም አላስጨነቀኝም፤ ጭንቄ የሌሊቱ ብርድ ነው። ተኝታ ብርድ ልብሷን በእግሯ እየገፋች ትጥላለች፤ ቤት ውስጥ እንኳ ጠዋት ስነካት እግሯ ቀዝቅዞ አገኘዋለሁ። በአዋቂ የመኝታ ከረጢት እንዳላስተኛት፣ ተንሸራታ ገብታ ፊቷ ይሸፈናል ብዬ እፈራለሁ። ብርዱ ከመሬትም ስለሚመጣ ከሥሯ ወፍራም ፍራሽ አነጥፍላታለሁ። ከላይስ? ልብስ ልደራርብላት ወይስ እጅጌ ያለው የሕፃን የመኝታ ከረጢት ልግዛ? ካልሲ ይበቃል? ከሰልም ሆነ የጋዝ ማሞቂያ ድንኳን ውስጥ አናስገባም፤ ሲነድ የሚወጣው ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ (ካርቦን ሞኖክሳይድ) ተኝተን ሳለን ሊገድለን ይችላል። መኪናችን ጠባብ ስለሆነች፣ የግድ የሚያስፈልገውንና ቤት ቢቀር የማይጎዳውን ለይታችሁ ብትነግሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።