አባት ወይ እናት ለታሰረባቸው ልጆች፦ ረቂቁን እንጨርሰው

ፀሐፊ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ለእነዚህ ልጆች ለጋሽ የምንጠይቅበትን የፕሮጀክት ረቂቅ ሁላችሁም አይታችሁታል መሰለኝ፣ እስከ ሐሙስ አስተያየት ስጡበትና እናስገባው። አሁን ያለው 40 ልጅ፣ ቅዳሜ ጠዋት የቡድን ምክር፣ አንድ ዓመት፣ መክፈቻው ላይ ቲሸርትና ባነር ነው።

መምህርት፦ እኔ ቲሸርቱ አልተዋጠልኝም። ክፍሌ ውስጥ አንድ ልጅ ነበር፣ አባቱ ሲታሰር "አዲስ አበባ ለስራ ሄዷል" ተባለ፣ እሱ ግን ጎረቤት ሲያወራ ሰምቶ ያውቃል፣ እናቱ እንዳትከፋ ብሎ ያላወቀ ይመስላል፣ እሷ ደግሞ እሱ እንዳይከፋው ትዋሻለች፣ ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ እየተደባበቁ ከረሙ። እንዲህ ያለውን ልጅ "የታራሚ ልጆች" የሚል ቲሸርት አልብሰን ፎቶ ልናነሳው ነው? ጂማ እኮ ነው ያለነው፣ ከመርካቶ ሰፈር ቆጪ ሰፈር ወሬ ከባጃጅ ቀድሞ ነው የሚደርሰው።

ሒሳብ ያዥ፦ እህቴ ለጋሽ ፎቶ ይጠይቃላ፣ ምን ልንልክለት ነው?

መምህርት፦ ባዶ ክፍሉን አንሳና ላክ።

ነርሷ፦ እኔ የአእምሮ ጤና ክፍል ስለምሰራ ልጨምር። ልጅ ከፍቶኛል ብሎ አይመጣም፣ ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ወይ አልጋ ላይ መሽናት ይጀምራል፣ ወይ ይደባደባል። ትንንሾቹ ደግሞ እኔ ስላስቸገርኩ ነው የወሰዱት ብለው ያስባሉ። ስለዚህ ከልጁ በፊት አሳዳጊውን ቁጭ አድርገን ማነጋገር አለብን፣ ብዙ ጊዜ አያት ናቸው፣ እሳቸው አፋቸውን ከፍተው "አባትህ ታስሯል፣ ያንተ ጥፋት አይደለም፣ የማሳድግህም እኔ አለሁ" ማለት እስኪችሉ ድረስ የእኛ ቅዳሜ ብዙ አይረዳም።

ጠበቃው፦ ይሄ ህግም አለው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው በቅርብ ዘመዶቹ የመጎብኘት መብት አለው ይላል፣ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 9 ደግሞ ልጁን የሚጎዳው ካልሆነ በቀር መንግስት ሲጠየቅ የታሰረው ወላጅ የት እንዳለ ይንገር ይላል። ስለዚህ የጥየቃ ቀን እቅዱ ውስጥ ይግባ። ልጁ ፍተሻውንም አጥሩንም ቀድሞ ይነገረው፣ ሲመለስ ደግሞ የሚያወራው ሰው ይጠብቀው። ስንቅ አሲዞ ልኮ ዝም ማለት ጥሩ አይደለም።

ፀሐፊ፦ ጥሩ። ምክሩን የሚሰጠው ማነው? እኔ ከጂማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንጠይቅ ብዬ ነበር፣ ማህበረሰብ ውስጥ ወጥቶ መስራት ለነሱ የትምህርታቸው አካል ነው፣ ለኛም ነፃ ነው።

ነርሷ፦ ተማሪ ሴሚስተር ሲያልቅ ይሄዳላ! አባቱ በድንገት የጠፋበት ልጅ ገና ሰው ማመን ሲጀምር ተማሪዋም ብትጠፋበትስ? ባይጀመር ይሻላል። ዓመቱን ሙሉ የምትቆይ፣ ኦሮምኛም አማርኛም የምትችል አንዲት ካውንስለር፣ የምክር ባለሙያ ማለቴ ነው፣ በደመወዝ እንቅጠር፣ ተማሪዎቹ እሷን ያግዙ።

ሒሳብ ያዥ፦ ደመወዙ ከየት ይምጣ?

መምህርት፦ ከቲሸርቱ፣ ከባነሩ፣ ከመክፈቻው ምሳ።

ሒሳብ ያዥ፦ ምሳውንም? እሺ በቃ ተሸነፍኩ። ግን 40 ልጅ ለአንድ ሰው አይሆንም፣ 20 እናድርገው።

ባጃጅ ነጂው፦ እኔ ስለ ሰዓቱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ብዙዎቹ ቁርአን ቤት ናቸው፣ ከሰዓት አድርጉት። ህዳርና ታህሳስ ደግሞ ማናና ሰቃ ወረዳ አያት ጋ የሚኖሩት ቡና ለቀማ ላይ ናቸው ማንም አይመጣላችሁም፣ የዛኔ ካውንስለሯ ትሂድላቸው፣ ለሰፈሩ ልጆች ማመላለሻውን እኔ እችላለሁ ነዳጅ ብቻ ሙሉልኝ።

ፀሐፊ፦ ተባረክ ወንድሜ። እንግዲህ 20 ልጅ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ መጀመሪያ አሳዳጊዎች፣ አንድ ቋሚ ካውንስለር ብዬ አስተካክላለሁ። በር ላይ ምን እንፃፍ? "የጥናት ክፍል" ብንለው ማንም አይጠረጥርም።

ባጃጅ ነጂው፦ ቆይ፣ ልጆቹን አትዋሹ ስንል ቆይተን በሩ ላይ ልንዋሽ ነው እንዴ?

መምህርት፦ እውነት አለው። ጥናቱን እውነተኛ እናድርገዋ፣ የሰፈሩም ልጆች ይግቡ፣ አንድ ሰዓት ሂሳብና እንግሊዝኛ ይጠና፣ ከዛ የኛዎቹ ከካውንስለሯ ጋ ይቀራሉ።

ሒሳብ ያዥ፦ ሁሉም እያየ የሚቀሩማ ከሆነ ያው ቲሸርት ማልበስ አይደል?

መምህርት፦ ወይኔ፣ ልክ ነህ። እንግዲያው በጥናቱ መሃል በየተራ ትጥራቸው፣ የሰፈሩንም ልጅ አልፎ አልፎ ታነጋግር።

ሒሳብ ያዥ፦ እሺ፣ ለአስጠኚ ስንት ልመድብ?