ለሰፈር የባህል ሥራ ትንሽ ግራንት ስንጠይቅ፦ ጣሪያውን ወይስ የሚበቃንን?

ዜማ ለቃሚ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥቂት ጓደኛሞች ነን፣ ማኅበር አልመሠረትንም። በሰፈራችን ያሉ አዛውንት ልጅ ሲያባብሉና ሥራ ሲሠሩ የሚያንጎራጉሯቸውን ዜማዎች ቀርጸን፣ ግጥሙን ጽፈን፣ በመጨረሻ አንድ ምሽት ለሰፈሩ ሰው ልናሰማ አስበናል። ለእንዲህ ያለ ሥራ ትንሽ ግራንት፣ ማለትም የማይመለስ የገንዘብ ድጋፍ፣ የሚሰጥ ጥሪ አገኘን፤ ማመልከቻውን ስናየው ግን ግራ ገባን። አመልካቹ የተመዘገበ ድርጅት መሆን አለበት ይላል። የገንዘቡ ጣሪያ ደግሞ ካሰብነው በላይ ነው፤ ግማሾቻችን "ከጠየቁ አይቀር ሙሉውን" እያሉ ነው። ለራሳችን ድካም ክፍያ ብናስገባስ ስግብግብ እንመስላለን? የሞከራችሁ እስቲ ንገሩን።

የመድረክ ጀርባ፦
ጣሪያውን እርሱት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንባችሁ። ማመልከቻ ገምግሜ አውቃለሁ፣ ቀድሜ የማነበው በጀቱን ነው። መግቢያው ላይ ሁሉም ሰው "ባህላችን እየጠፋ ነው" ብሎ ይጽፋል፤ ሥራውን አስቦበት እንደሆነ የሚታየው በጀቱ ላይ ነው። "ቀረጻ" ብላችሁ አንድ ድፍን ቁጥር ካስቀመጣችሁ ምንም አልነገራችሁኝም። መቅረጫው በኪራይ ነው በግዢ? ለስንት ቀን? ግጥሙን ከድምፁ የሚገለብጠው ማነው? የአንድ ሰዓት ቅጂ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፣ ይሄን ሰው ሁሌ ይረሳዋል። አዛውንቶቹን ወደ ዝግጅቱ ማመላለሻስ?

"ልዩ ልዩ" የምትል መስመር ካለቻችሁ አሁኑኑ አውጧት። እኔ ባየሁበት ሁሉ መጀመሪያ የምትሰረዘው እሷ ናት። ጥሪው ካልከለከለ "መጠባበቂያ" ብላችሁ 5 በመቶ ገደማ ያዙና ለምን እንደሆነ በአንድ መስመር ጻፉ።

ለራሳችሁም ክፍያ አስገቡ። ሰው ሁሉ በነፃ ይሠራል የሚል በጀት ሳይ፣ እኔ በበኩሌ መሀል ላይ ይበተናሉ ብዬ ነው የምሰጋው። በነፃ የምትሠሩትን ደግሞ በዓይነት የተደረገ መዋጮ ብላችሁ ዋጋ ተምኑለት። የአመልካቹን ድርሻ የሚጠይቁ ለጋሾች ብዙ ናቸው፣ በነፃ ያገኛችሁት አዳራሽም ይቆጠርላችኋል።

ደረሰኝ ያዥ፦
ስለ ምዝገባው፦ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው የተመዘገበ ድርጅት ጥላ ሥር መግባት ነው። ቤተ መጻሕፍት፣ ትምህርት ቤት፣ የባህል ማዕከል ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ በእነሱ ሒሳብ ይገባል፣ ሥራውን እናንተ ትሠራላችሁ፣ በለጋሹ ፊት ተጠያቂዎቹ ግን እነሱ ናቸው። ግን ከማመልከታችሁ በፊት በጽሑፍ ተዋዋሉ። ለአስተዳደር ስንት በመቶ ይቆርጣሉ? ገንዘቡ በገባ በስንት ቀን ይለቁታል? የሚገዛው ዕቃ በመጨረሻ የማን ነው? አንድ የማውቀው ቡድን በቃል ብቻ ተስማምቶ፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ካሜራው ድርጅቱ ቢሮ ቀረ፤ እስካሁን ይጨቃጨቃሉ።

ሌላው፣ ገንዘቡ መቼ እንደሚመጣ አጣሩ። አብዛኛውን ቀድመው ሰጥተው ቀሪውን ሪፖርት ሲገባ የሚለቁ አሉ። እናንተ አውጡና በደረሰኝ እንተካለን የሚሉም አሉ። ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ፣ ከኪሳችሁ የምታወጡት ከሌለ ባትገቡበት ይሻላል። ከውሉ ቀን በፊት የወጣ ወጪም ብዙ ጊዜ አይተካም፣ ስለዚህ ፊርማ ሳይኖር ምንም እንዳትገዙ።

ጥግ ቁጭ ባይ፦
ያለ ምዝገባ የሚሰጡም አሉ እኮ። አውሰም ፋውንዴሽን የሚባለው በ2009 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ፣ ቦስተን ላይ የተጀመረ ነው። በየከተማው ያሉት አባላት ከኪሳቸው አዋጥተው በየወሩ ለአንድ ሐሳብ 1,000 ዶላር ይሰጣሉ፤ ድርጅት ሁኑ አይሉም፣ ማመልከቻውም አጭር ነው። አምስተርዳም ያለው የፕሪንስ ክላውስ ፈንድ ደግሞ ለጀማሪ አርቲስቶች 5,000 ዩሮ የሚሰጥበት ሽልማት አለው፣ እሱ ግን ለግለሰብ ስለሆነ ለቡድናችሁ አይሆንም። የዩኔስኮን የባህል ብዝኃነት ፈንድ የሚጠቁማችሁ ሰው አይጠፋም። ለአሁኑ ተዉት፣ ፉክክሩም ወረቀቱም የእናንተን ሥራ ይውጠዋል።

የድሮ ሰው፦
ልጆች፣ ሁላችሁም ስለ ገንዘቡ አወራችሁ። ዜማው የማን እንደሆነ አንድ ሰው አላነሳም። ዩኔስኮ እንኳ በ2003 (እ.ኤ.አ.) ስለማይዳሰስ ቅርስ ስምምነት ካጸደቀ በኋላ፣ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ባወጣቸው የሥነ ምግባር መርሆች የባለቤቱን ማኅበረሰብ ነፃና አስቀድሞ የተሰጠ ፈቃድ ይጠይቃል። የግራንቱን ውል እስከ መጨረሻው አንብቡ። ለጋሹ ቅጂውን እንደፈለገ የመጠቀም መብት ይወስዳል የሚል አንቀጽ ሊኖር ይችላል። እናቶቹ ቤት ሄዳችሁ "ለማስታወሻ ነው" ብላችሁ ቀርጻችሁ፣ ድምፃቸው በኋላ ማስታወቂያ ላይ ቢሰማ ምን ልትሏቸው ነው? ኢንተርኔት ላይ ይወጣል ወይስ አይወጣም የሚለውን ለየብቻ ጠይቋቸው። አንዷ ለሰፈሩ ምሽት ፈቅዳ ለኢንተርኔት እምቢ ልትል ትችላለች፣ መብቷ ነው። ቅጂውንም ለእያንዳንዳቸው ስጧቸው። ክፍያም አትርሱ፣ ዋናዎቹ ከያንያን እነሱ ናቸው።

ዜማ ለቃሚ፦
እጅግ እናመሰግናለን። ከሚያውቁን አንድ ቤተ መጻሕፍት ጋር ለመነጋገር ወስነናል፣ በጀቱንም እንደ አዲስ እየጻፍነው ነው። የኢንተርኔቱን ነገር ጨርሶ አላሰብነውም ነበር። አንድ ነገር ብቻ፦ ለአዛውንቶቹ የምንከፍለውን በጀቱ ላይ ምን ብለን እንጻፈው? "አበል" ወይስ "ስጦታ"?

የመድረክ ጀርባ፦
ሁለቱም አይደለም። "የባለሙያ ክፍያ" በሉት፣ ከራሳችሁ ክፍያ በላይ ባለው መስመር ላይ አስቀምጡት። አዛውንቶቹ ፈቃዳቸውን የሚፈርሙበትን ቅጽ ደግሞ ቀድማችሁ አትማችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከቀረጻው በኋላ ፊርማ ፍለጋ ቤት ለቤት መዞር አሰልቺ ነው።